ከፒትስበርግ እስከ ዲሲ በብስክሌት፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር፦ የሞከራችሁ ንገሩን

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ያነሳሁት በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለነው ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም ግን ግቡበት።

ደጃችን ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ከፒትስበርግ ተነስቶ እስከ ጆርጅታውን፣ ወደ 335 ማይል ገደማ፣ ከመኪና ጋር ሳይጋፉ በብስክሌት መምጣት ይቻላል። የመጀመሪያው 150 ማይል ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል፤ ባጭሩ ጋፕ ይሉታል። ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረ መስመር ነው። ሐዲዱ ተነስቶ ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ተነጥፎበታል። ኦሃዮፓይል አካባቢ ያለው የመጀመሪያው ክፍል በ1986 ተከፈተ፤ ፒትስበርግ ድረስ ሙሉ በሙሉ የተገናኘው ግን በ2013 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቆጠራ ነው የምጽፈው)። ከምበርላንድ የምትባል የሜሪላንድ ከተማ ላይ ጋፕ ያልቅና ሲ ኤንድ ኦ ይቀጥላል፤ 184.5 ማይል። ይኼኛው ባቡር ሄዶበት አያውቅም። በቅሎዎች ጀልባ በገመድ እየጎተቱ የሚሄዱበት የቦይ ዳር መንገድ ነበር።

አቋሜ ይኸውና። እንዲህ ላለ ጉዞ ሰው የሚጨነቀው ስለ ብስክሌት ነው። ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ግን አብሮ የሚሄደው ሰው ነው። ለብዙ ቀን ከአንድ ጓደኛ ጋር ሲኬድ ፍጥነቱ የዘገምተኛው ፍጥነት መሆን አለበት። ይህ ደግሞ ከቤት ሳይወጣ ቁጭ ተብሎ በግልጽ መነገር አለበት። መንገድ ላይ እናየዋለን ተብሎ ከተነሳ በሁለተኛው ቀን ኩርፊያ ይመጣል።

ጥያቄዬ ደግሞ፣ ሥራ ያላቸው፣ ስፖርተኛ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች ይህን መንገድ እንዴት ይከፋፍሉት? ከየት ይጀምሩ? ምን ይብሉ? ማደሪያቸውስ?

መልሶቹ በዙ። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር በየቁጥራቸው አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። መሃል መሃል ላይ እኔም የመሰለኝን እላለሁ።

መልስ 1። ከአሌክሳንድሪያ የመጣ ነው። ረጅም ሰላምታ ካቀረበ በኋላ በቀጥታ ወደ ልምምድ ገባ። ሁለቱ ጓደኛሞች 335 ማይል ከማሰባቸው በፊት ደብሊው ኤንድ ኦ ዲን ይሞክሩ ባይ ነው። ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል፣ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት። እሱም የቀድሞ ባቡር መስመር ነው፤ ባቡሩ የቆመው በ1968። ቅዳሜ ፐርሰልቪል ደርሶ፣ ትንሽ ተመልሶ ሊስበርግ ማደር፣ እሁድ ወደ ቤት። ምክሩ ወርቅ ነው። አንድ ቀን ሙሉ መንዳትና በማግስቱ ጠዋት እንደገና ኮርቻ ላይ መውጣት ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ጠዋት ላይ የጓደኛችሁም ጠባይ ይታያል።

መልስ 2። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ልጅ ሐሳቡን ወደደችውና ጨመረችበት። በመጡበት ከመመለስ፣ ሊስበርግ ላይ በዋይትስ ፌሪ ጀልባ ፖቶማክን ተሻግሮ በሲ ኤንድ ኦ ወደ ጆርጅታውን መውረድ ይሻላል ትላለች።

መልስ 3። እርማቱ ወዲያው መጣ፤ በትሕትና። ያ ጀልባ ሥራ ያቆመው በዲሴምበር 2020 ነው። የቆየ ጽሑፍ አምኖ ሄዶ ወንዝ ዳር የሚቀር ሰው እንዳይኖር ብሎ ነው የጻፈው። ልጅቷም አመሰገነች።

መልስ 4። እዚህ ላይ የአቅጣጫ ክርክር ተጀመረ። ፍሬድሪክ የሚኖር ሰው ከፒትስበርግ መነሳት ነው የሚበጀው ይላል። የመንገዱ ጫፍ ኢስተርን ኮንቲኔንታል ዲቫይድ የሚሉት ነው፤ 2,392 ጫማ። ከእሱ ወዲህ የወረደ ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ ከእሱ ወዲያ የወረደው ወደ ገልፍ ኦፍ ሜክሲኮ ይሄዳል። ከፒትስበርግ የተነሳ ሰው ወደዚያ ጫፍ የሚወጣው ከ120 ማይል በላይ በሆነ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መውጣቱም አይታወቀውም። ከዚያ በኋላ 24 ማይል ያህል ቁልቁል ነው፣ እስከ ከምበርላንድ። ከከምበርላንድ የተነሳ ሰው ግን በነዚያው 24 ማይሎች ውስጥ ከ1,700 ጫማ በላይ መውጣት አለበት። አቅማቸው ለማይመጣጠን ጓደኛሞች ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

መልስ 5። ሌላው አልተስማማም። ዳገቱ የባቡር ዳገት ነው፤ ባቡር ብረት በብረት ላይ ስለሚሄድ ቀጥ ያለ አቀበት አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን እየዞሩ፣ ሸለቆውን በድልድይ፣ ሸንተረሩን በዋሻ እያለፉ ከ2 በመቶ በታች አድርገውታል። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ የወጣ ሰው ይህን አቀበት ብሎ አይጠራውም ይላል። ከከምበርላንድ ተነስቶ ከባዱን ክፍል በመጀመሪያው ቀን፣ እግር ሳይደክም መጨረስ ይሻላል የሚል ክርክርም አለው።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን በመልስ 4 በኩል ነኝ፤ ምክንያቴም ሌላ ነው። እኛ ዲሲ ነው ያለነው። ወደ ቤት እየቀረቡ መንዳት ጉልበት ይሰጣል፤ ጉዞው ሲያልቅም ባቡር መጠበቅ የለም።

መልስ 6። አጭር ግን በጣም አስፈላጊ ነች። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢግ ሳቬጅ የሚባለው ዋሻ አለ፤ 3,294 ጫማ ርዝመት፣ አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ውስጡ መብራት አለው። በክረምት ግን በረዶው ግድግዳውን እንዳይጎዳው በሩ ይዘጋል፤ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ አካባቢ። በኖቬምበር መጨረሻ ጉዞ የምታስቡ ሰዎች ቀኑን አጣሩ። ከፒትስበርግ በኩል የመጣ ሰው ከዋሻው ሲወጣ የሜሪላንድ ተራሮች ፊቱ ላይ ይዘረጋሉ፤ ትንሽ ወረድ ሲል የፔንስልቬንያና የሜሪላንድ ድንበር የሆነው የሜሰን ዲክሰን መስመር ምልክት አለ። ከዚያ በፊት ማየርስዴል አጠገብ የሳልስበሪ ድልድይ አለ፤ 1,908 ጫማ፣ ከሸለቆው በላይ ከፍ ብሎ። ጻፊዋ እዚያ ላይ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው ይገርማታል።

መልስ 7። ስለ ዋሻ ከተነሳ ብሎ ስለ ሌላው ዋሻ የጻፈ አለ። ሲ ኤንድ ኦ ላይ ያለው ፓው ፓው 3,118 ጫማ ነው፤ ሥራው በ1836 ተጀምሮ ያለቀው በ1850። ይኼኛው መብራት የለውም። ጠባብ መንገድ፣ በአንድ በኩል የጡብ ግድግዳ፣ በሌላ በኩል የእንጨት መከለያና ከሱ በታች ጥቁር ውሃ። መንገዱ ወጣ ገባ ስለሆነ ብስክሌቱን እየገፉ በእግር ማለፍ ነው የሚሻለው። እሱና ጓደኛው የገቡት አንድ የራስ መብራት ብቻ ይዘው ነው። መብራቱ ያለው ፊት ፊት ሲሄድ ኋላ ያለው የራሱን እግር አያይም፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ አንገቱ ላይ ሲያርፍበት ይዘላል፤ የብስክሌቱ መሪ በየደቂቃው ከመከለያው ጋር ይጋጫል። መሃል ላይ ሲደርሱ ተለዋወጡ፤ የኋለኛው መብራቱን ይዞ ወደ ፊት ብርሃን እየለቀቀ፣ የፊተኛው በዚያ እየመራ ወጡ። ምክሩ አንድ ነው፦ ለየራሳችሁ መብራት ያዙ።

መልስ 8። ጨዋታው እዚህ ላይ ጠነከረ። ከሪችመንድ የጻፈ ሰው ሙሉውን መንገድ በ3 ቀን መጨረሱን ነግሮን፣ የኔን አቋም ውድቅ አደረገው። በየመንደሩ እየቆሙ ቡና መጠጣት የጉዞ ዓላማ አይደለም፤ የቀረ ሰው ይድረስ፣ መድረስ ያልቻለ መጀመሪያ ይለማመድ ነው የሚለው። ጓደኛን እየጠበቁ መሄድ ሁለቱንም ያደክማል ብሎም ያምናል።

መልስ 9። መልሱን ያገኘው ከአንዲት ሴት ነው። ቃላቷ ስለታም ናቸው፤ ቢሆኑም አልፈርድባትም። እሷ ያንን የቀረ ሰው ሆና ታውቃለች። ከኮንፍሉዌንስ ወደ ሮክውድ ሲሄዱ ጎማዋ ፈነዳ። ያ መንገድ 18 ማይል ያህል ጫካና ካስልማን የሚባለው ወንዝ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ፊት ሄዷል። ትርፍ ካላማዳሪያውም ፖምፓውም እሱ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ክብደት ለመከፋፈል ብለው እሷ ምግቡን፣ እሱ ዕቃውን ይዘው ነበር። ስልኳ አይሠራም። ዝናብ ጀመረ። ብስክሌቷን እየገፋች ሄደች፤ በኋላ አንድ አዛውንት ባልና ሚስት ብስክሌተኞች ደርሰውባት ካላማዳሪያ ሰጧት፤ ሰውየው ራሱ ቀየረላት። ጓደኛዋን ያገኘችው ሮክውድ ላይ ደረቅ ልብስ ለብሶ ሲበላ ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ አብረው ወጥተው አያውቁም።

ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። ምግብና ድንኳን ተከፋፈሉ፤ ካላማዳሪያ፣ ፖምፓና የጎማ ማውጫ ግን ለየራስ ነው። እዚያ ጫካ ውስጥ ጎሚስታ የለም። ፊት የሚሄደው ደግሞ በተስማሙበት ቦታ ላይ፣ መንገዱ ሌላ መንገድ ባቋረጠ ቁጥር ወይም በየአምስት ማይሉ፣ ቆሞ ይጠብቅ።

መልስ 10። የሪችመንዱ ሰው ተመለሰ። ስለ ዕቃው እህታችን ትክክል ናት ብሎ ተቀበለ፤ ስለ ፍጥነቱ ግን አልተረታም። እኩል አቅም ያለው ጓደኛ መምረጥ የሁሉም ነገር መፍትሔ ነው ባይ ነው። ልክ ነው፤ ግን ሰው ጓደኛውን በእግሩ ጉልበት አይመርጥም። የልብ ጓደኛ ካለህ፣ እሱ ቀርፋፋ ከሆነ፣ አንተ ቀስ ማለት ትችላለህ። እሱ ግን መፍጠን አይችልም። ነገሩ ይኸው ነው።

መልስ 11። ስለ ምግብ፤ ከሁሉም በላይ ምስጋና የጎረፈለት ይህ ነው። ከቦልቲሞር የጻፈች እናት ናቸው፤ ልጃቸው ሲሄድ ስንቁን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። በሶ በትንንሽ ላስቲክ፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ለየብቻ ተመዝኖ። ጠዋት በውሃ መያዣው ውስጥ ከማርና ከትንሽ ጨው ጋር መበጥበጥ ብቻ። ጨው እንዳይረሳ አጥብቀው አሳስበዋል፤ ላብ ሲወጣ ጨውም ይወጣል። እንጀራ ይዞ መሄድ በሁለተኛው ቀን ሻጋታ ነው፤ ስለዚህ ድርቆሽ። ማታ በትንሿ የካምፕ ምድጃ ሽሮ ይንተከተክና ድርቆሹ እላዩ ላይ ይፈረፈራል። ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ መሪው ላይ በሚንጠለጠለው ቦርሳ፣ ሳይወርዱ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ጩኮ በበጋ አይመክሩም፤ ቅቤው በሙቀት ይቀልጥና ቦርሳውን ያበላሻል።

እግዚአብሔር ይስጥልን እማማ። ሱቅ የሚሸጠው የስፖርት ብስኩት ከበሶ አይበልጥም።

መልስ 12። አንዱ ገባና ኦሃዮፓይል ሲደረስ በርገር መብላት እያለ ድርቆሽ መሸከም ለምን አስፈለገ አለ። በፍልስታ ጾም ሊሄዱ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ደግሞ ተቆጡ፤ ጾማቸውን የሚይዝ ሰው ትናንሽ ከተሞች ላይ ከድንች ጥብስና ከሰላጣ በቀር የሚበላው አያገኝም አሉት። እሱ መለሰ፣ እነሱ መለሱ፣ ነገሩ ወደ ሃይማኖት ሄደ። እዚህ ላይ አልዘረዝረውም። ጠቃሚው ነገር ይህ ነው፦ ኦገስት በዚህ አካባቢ ወበቁ ከባድ ነው፤ ጾምም ያዛችሁ አልያዛችሁ፣ ሜይ መጨረሻ ወይም ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይሻላል።

መልስ 13። አንድ ወንድማችን ሁላችንም የምናስበውን፣ ግን ያልጻፍነውን ጻፈ። ሁለት ጥቁር ወንዶች፣ የምዕራብ ፔንስልቬንያ ገጠር፣ ጫካ ውስጥ ድንኳን። ሚስቱ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች። በቀጥታ ንገሩኝ ነው የሚለን።

መልስ 14። ለዚህ ወንድማችን መጀመሪያ የመለሰለት ሰው ይህ የፍርሃት ፈጠራ ነው ብሎ አጣጣለው። አላግባብ ነው፤ ሌሎችም ነገሩት። ሰው ስለ ደህንነቱ ሲጠይቅ አይናቅም።

መልስ 15። ቁም ነገር ያለው መልስ ከጓደኛዋ ጋር ጋፕን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደች ልጅ መጣ። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ሐበሾች። ልምዷ ጥሩ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉት መንደሮች የከሰል ማዕድኑና ባቡሩ ከሄዱ በኋላ እንግዳ የሚያመጣላቸው ብስክሌተኛው ነው፤ ብስክሌት ይዞ የገባን ሰው በዚያ ዓይን ነው የሚቀበሉት። አፍጥጦ ያያቸው ሰው አልጠፋም፤ ከዚያ ያለፈ ግን አልገጠማቸውም። ያደረጉትን ጥንቃቄም ጽፋለች፦ ጋፕ ላይ የብስክሌተኛ ማረፊያ ቤቶች ውስጥ አደሩ እንጂ ድንኳን አልተከሉም፤ የእያንዳንዱን ቀን መድረሻ ለቤተሰብ አስቀድመው ላኩ፤ ሲመሽ መንገድ ላይ አልቆዩም። ለዚያ ወንድማችን ሚስት የማስነብበው ይህን መልስ ነው።

ሲ ኤንድ ኦ ላይ ስለ ማደሪያ የጠየቃችሁ ደግሞ፣ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተዘጋጁ የድንኳን ቦታዎች በየጥቂት ማይሉ አሉ፤ ነጻ ናቸው። የእጅ ፖምፕ ውሃ፣ ሽንት ቤትና ጠረጴዛ አላቸው። ውሃው በአዮዲን የታከመ ስለሆነ ጣዕሙ ደስ አይልም፤ ሎሚ ጣል አድርጉበት። በክረምት ፖምፖቹ ይዘጋሉ።

መልስ 16። ከዚህ በኋላ የዚህ የውይይት ክር ወሬ ወደ ሀገር ቤት ሄደ፤ እኔም አልከለከልኩም። ድሬዳዋ ያደጉ አንድ ትልቅ ሰው ጻፉ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 መሆኑን፣ ከተማቸው ራሷ በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረች መሆኗን አስታወሱን። ከዚራ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ሜዳ በሆነው ጎዳና ብስክሌት ሲነዱ ነው ያደጉት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 በሌላ መስመር ከተመረቀ ወዲህ ያ የድሮ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አብዛኛው ጥቅም ሳይሰጥ ተኝቷል። ጥያቄያቸው፣ ከለገሀር እስከ አዳማ ያለው ብቻ እንኳ ለብስክሌትና ለእግረኛ ቢሆን ምን ይጎዳል? የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ፣ አንቱ እያለ ነው የጻፈላቸው።

መልስ 17። ሁሉም ግን አልተስማማም። ጸሐፊው በአክብሮት ጀምሮ እየከረረ ሄደ። ሐዲዱ ታሪክ ነው፤ ብረቱ ከተነሳ ማን ወስዶ እንደሚሸጠው ይታወቃል፤ መንገዱ በመንደር መሃል ነው የሚያልፈው፤ ሀገሪቱ ካለችበት ሁኔታ አንጻር ስለ መዝናኛ መንገድ ማውራት ከችግሩ መራቅ ነው ይላል።

መልስ 18። ለዚህ የተሰጠው መልስ ከዚህ ክር ውስጥ ከወደድኳቸው አንዱ ነው። ጸሐፊው አሜሪካኖች ይህን ጭንቀት እንዴት እንደፈቱት አስረዳ። በ1983 በወጣ የሕግ ማሻሻያ መሠረት ባቡር የተወው መስመር ለባለመሬቶች ተቆራርሶ ከመበተን ይልቅ ወደፊት ባቡር ሊመለስበት እንዲችል ሙሉውን ይቀመጣል፤ እስከዚያው ድረስ ሰው ይሄድበታል። መስመር አንዴ ከተቆራረጠ መልሶ መሰብሰብ እንደማይቻል ስለተረዱ ነው። ስለዚህ የብስክሌት መንገድ ማድረግ መስመሩን ማጥፋት ሳይሆን ማቆየትም ሊሆን ይችላል ነው ክርክሩ። ሐዲዱን ሳያነሱ ከጎኑ መንገድ ማበጀት እንደሚቻልም ጨመረ። ጋሼ ተመልሰው መርቀውታል።

አንድ የአስመራ ወንድማችን ደግሞ እዚህ መሃል ገብቶ የምጽዋ አስመራን መስመር አነሳ፤ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣው። ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ መልበሱንም ሳያነሳ አላለፈም። ደስ ይላል፤ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 19። ጀርመን ያለ ልጅ ፌንባንን እንድናይ ጋበዘን። ከአኽን ተነስቶ በቤልጅየም አድርጎ ሰሜን ሉክሰምበርግ የሚገባ 125 ኪሎ ሜትር አስፋልት፤ የድሮ ባቡር መስመር ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ መስመሩ ለቤልጅየም ስለተሰጠ፣ ጀርመን ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ እንኳ መንገዱ ራሱ የቤልጅየም መሬት ነው። ለጀማሪ ጓደኛሞች ከጋፕ ይቀላል ይላል። አውሮፓ ያላችሁ ያዙት።

መልስ 20። ነርስ የሆነች እህታችን ሁለት ነገር ብቻ ብላ ሄደች። መዥገር፤ በዚህ አካባቢ የላይም በሽታ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና ፀጉር ሥር መፈተሽ፤ ጓደኛ ለዚህም ይጠቅማል። ሌላው ፖይዝን አይቪ የሚባለው ቆዳ የሚያሳክክ ተክል፤ ባለ ሦስት ቅጠሉን ሐረግ አትንኩ፣ ብስክሌታችሁንም እሱ ላይ አታስደግፉ።

መልስ 21። ይህኛው ምሬት ያለበት ነው። እዚህ ሀገር በሁለት ሥራ የሚሮጥ ሰው አንድ ሳምንት ከየት ያመጣል? ኪራዩን ማን ይከፍላል? ይህ የባለጊዜዎች ወሬ ነው ብሎ ዘጋ። ጥቂቶች ተቆጡት፤ እኔ አልተቆጣሁም። የብዙዎቻችን ኑሮ ነው የጻፈው።

መልስ 22። መልሱን የሰጠው የኡበር ሹፌር ነው፤ እሱም ሰባቱንም ቀን የሚሠራ። እሱና ጓደኛው ሙሉውን ትተው ሲ ኤንድ ኦን ብቻ፣ ከሐሙስ እስከ እሁድ ሄዱት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከዲሲው ዩኒየን ስቴሽን በአምትራክ ባቡር ተሳፍረው ማታ ከምበርላንድ ገቡና አደሩ። ሐሙስ እስከ ሊትል ኦርሊንስ 43 ማይል፣ ዓርብ እስከ ዊሊያምስፖርት 41፣ ቅዳሜ ሃርፐርስ ፌሪን አልፈው ብራንስዊክ 45፣ እሁድ 55 ማይል እስከ ጆርጅታውን። ሰኞ ጠዋት ሥራ። ያንንም ካልቻላችሁ፣ ግማሹን በዚህ ዓመት፣ ግማሹን በሚቀጥለው።

አንድ ነገር ጨምሯል፤ ለዝናብ። ሲ ኤንድ ኦ አፈር ስለሆነ ሲዘንብ ጭቃው ከጎማውና ከጭቃ መከላከያው መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞር ያቆማል፣ በእንጨት እየፋቁ መሄድ ነው። ያኔ ከሊትል ኦርሊንስ እስከ ቢግ ፑል ጎን ለጎን የሚሄደው ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል ላይ መውጣት ነው፤ 28 ማይል አስፋልት፣ ሃንኮክን አቋርጦ። የመልስ 21 ጸሐፊ ይህን አንብቦ ስለ ባቡሩ ዋጋ ጠየቀ። ጓደኛ ካገኘ እሱም ይሄዳል ብዬ አስባለሁ።

መልስ 23። የመጨረሻው እስካሁን። የመልስ 2 ልጅ በሴፕቴምበር ከእህቷ ጋር በመልስ 22 ዕቅድ ልትሄድ ወስናለች። እህትየዋ ከእሷ ትዘገያለች፤ ፍጥነቱን ተነጋግረው ጨርሰዋል፣ እህትየዋ ፊት ትሄዳለች። ይህን ዘዴ ወድጄዋለሁ፤ ዘገምተኛው ፊት ከሆነ ማንም አይቀርም። የቀራት ጥያቄ ብስክሌቱን ባቡር ላይ እንዴት እንደሚጭኑ ነው።

ለእሷም ለሌሎቻችሁም፦ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ በዚያ መስመር ላይ ያለው ባቡር ፍሎሪዲያን ይባላል፤ የድሮው ካፒቶል ሊሚትድ ነው። የብስክሌት ቦታ ከሰው ቲኬት ጋር አብሮ መያዝ አለበት፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ለሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ያዙ፣ አለዚያ አንዷ ትሳፈርና ሌላዋ ትቀራለች። ጎማው ከ2 ኢንች የሰፋ፣ ክብደቱም ከ50 ፓውንድ ያለፈ አይቀበሉም፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላችሁ ቀድማችሁ መዝኑ። ቦርሳዎቹን ከብስክሌቱ ላይ አውርዳችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ከምበርላንድ ስትደርሱ ይመሻል፤ ማደሪያችሁን ከጣቢያው በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ያዙ።